የአንባቢያን የጤና ጥያቄዎች፦ ስኳርም ግፊትም ሳይኖር ውፍረት ኩላሊትን ይጎዳል?

በዚህ ወር ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በርከት ያሉት ስለ ውፍረትና ስለ ኩላሊት የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ ልናስተናግዳቸው ወደናል። የመጀመሪያው ጥያቄ ለሌሎቹም መነሻ ስለሚሆን ሰፋ ያለ መልስ ተሰጥቶበታል። የጠያቂዎቹን ስም እንደተለመደው አልጠቀስንም።

ጥያቄ፦ ውድ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ43 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ58፣ ክብደቴ 87 ኪሎ ነው። በቅርቡ ለሥራ ጉዳይ የጤና ምርመራ ሳደርግ ስኳሬ በባዶ ሆድ 96፣ ግፊቴ 128 በ82፣ ክሬቲኒኔ 0.6 ተባለ፤ የሽንት ውጤቴ ላይ ግን «ፕሮቲን ፕላስ ዋን» የሚል ተጽፎበታል። ውጤቱን ያየልኝ ባለሙያ ክሬቲኒንሽ ጥሩ ስለሆነ ኩላሊትሽ ደህና ነው፣ ብቻ ክብደት ቀንሺ ብሎ ሸኘኝ። ቤተሰቦቼ ደግሞ ስጨነቅ ሲያዩኝ «ተመችቶሽ ነው፣ ምን ያሳስብሻል» እያሉ ይስቁብኛል። ስኳርም ግፊትም ሳይኖርብኝ ውፍረቴ ብቻውን ኩላሊቴን ሊጎዳው ይችላል? ጎረቤቴ የምትጠጣውን የክብደት መቀነሻ ሻይ ብጀምርስ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ አዎን፣ ሊጎዳው ይችላል። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ጊዜም የጤና ባለሙያው ራሱ፣ ውፍረት ኩላሊት ዘንድ የሚደርሰው በስኳር ሕመም ወይም በደም ግፊት በኩል ዞሮ ብቻ ይመስለዋል። ይህኛው መንገድ መኖሩ አያከራክርም፤ በዓለም ዙሪያ ሰውን ለኩላሊት እጥበት ከሚዳርጉት ምክንያቶች ግንባር ቀደሞቹ ስኳርና ግፊት ሲሆኑ ሁለቱንም ውፍረት ያመጣቸዋል፣ ያባብሳቸዋልም። ይሁን እንጂ ሁለቱም በሌሉበት ውፍረቱ ራሱ የኩላሊትን ማጣሪያ በቀጥታ የሚጎዳበት መንገድ እንዳለ ከታወቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ በጣም ወፍራም በሆኑ ሰዎች ሽንት ውስጥ ብዙ ፕሮቲን መገኘቱ በሕክምና መጽሔት የተዘገበው በ1974 እ.ኤ.አ. ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. የተከበረው የዓለም የኩላሊት ቀንም መሪ ጉዳይ ያደረገው ይህንኑ የውፍረትና የኩላሊት ዝምድና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ኩላሊት በአማካይ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት፤ ቁጥራቸው ሰው ሲወለድ የተወሰነ ስለሆነ ከዚያ በኋላ በዕድሜና በሕመም ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን ወደ 180 ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ከዚህ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሊትር ያህል ብቻ ሲሆን የቀረው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ሰውነት ሲከብድ ይህ ሥራ ይበዛል፤ ሠራተኞቹ ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው። በተለይ በሆድ ዕቃ ውስጥ የተከማቸው ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም፤ ልዩ ልዩ ሆርሞኖችንና ብግነት የሚቀሰቅሱ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል፣ ኩላሊት ጨው እንዳይለቅም ያደርጋል። ይህ ሁሉ ተደማምሮ ወደ ማጣሪያው ደም የሚያስገባው ቀጭን የደም ሥር ሲሰፋ የሚያስወጣው ደግሞ ይጠባል፤ በመካከሉ ያለው ግፊት ይጨምራል። በክንድዎ ላይ የተለካው ግፊት 128 በ82 ሆኖ ሳለ በማጣሪያዎቹ ውስጥ ያለው ግን ከልኩ ያለፈ ሊሆን የሚችለው ስለዚህ ነው።

እያንዳንዱን ማጣሪያ ከውጭ በኩል እንደ ጣት በተዘረጉ እግሮቻቸው አቅፈው የሚይዙ ፖዶሳይት የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። ማጣሪያው በጫና ሲተልቅ እነርሱ አብረው ሊባዙ ስለማይችሉ ያው ቁጥር ሰፊውን ገጽ ለመሸፈን ይለጠጣል፤ ውሎ አድሮም አንዳንዶቹ ይላቀቃሉ፣ በለቀቁት ቦታ ጠባሳ ይተካል። ጠላ በጨርቅ ሲጠለል ጨርቁን አለመጠን የጨመቁት እንደሆነ ሽመናው ተከፍቶ አተላው አብሮ እንደሚወርድ ሁሉ፣ ደም ውስጥ መቅረት የነበረበት አልቡሚን የተባለው ፕሮቲንም በተላቀቀው በኩል ወደ ሽንት ያልፋል። በውጤት ወረቀትዎ ላይ የሰፈረው «ፕላስ ዋን» የዚህ ጅማሬ ሊሆን ይችላል።

«ክሬቲኒንሽ ጥሩ ነው» የተባሉት ስህተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚወጣና ኩላሊት የሚያስወግደው ነገር ስለሆነ በደም ውስጥ መጠኑ የሚጨምረው ማጣሪያዎቹ ሲደክሙ ነው፤ ወፍራም ሰው ላይ ግን የጉዳቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ድካም ሳይሆን ከመጠን በላይ መሥራት ነው። የእርስዎን 0.6 በዕድሜዎና በጾታዎ አስልተን በደቂቃ ስንት እንደሚያጣሩ ስናወጣው 114 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይመጣል፤ ከ90 በላይ ስለሆነ ማንም «ድንቅ ነው» ይላል። ይህ ስሌት ግን የሰውነት ገጽ ስፋት 1.73 ካሬ ሜትር ለሆነ ሰው የተሰላ ነው። የእርስዎ ስፋት 1.95 ገደማ ስለሚሆን በእውነቱ በደቂቃ ወደ 129 ሚሊ ሊትር እያጣሩ ነው ማለት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ጥሩ መስሎ የታየው ቁጥር ትርፍ ድካሙን ሸፍኖታል። ክሬቲኒን በግልጽ እስኪጨምር የሚጠብቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የማጣራት አቅሙን ግማሽ ያህል ካጣ በኋላ ነው የሚነቃው። ስለዚህ ወፍራም ሰው የኩላሊት ምርመራ አደረግሁ የሚለው ደሙም ሽንቱም ሲታይ ነው፤ አንዱን ያለ ሌላው መያዝ ምርመራውን በግማሽ ማስቀረት ነው።

ያም ሆኖ በአንድ ውጤት ብቻ የኩላሊት ታማሚ ነኝ እንዳይሉ። ትኩሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ በዋዜማው የተሠራ ከባድ ሥራ ወይም ከወር አበባ ጋር የተቀላቀለ ናሙና ፕሮቲን ሊያሳዩ ይችላሉ። ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሡ የመጀመሪያውን ሽንት በንጹሕ ዕቃ ይዘው ይሂዱና የአልቡሚንና የክሬቲኒን ንጽጽር የሚባለውን ምርመራ ይጠይቁ፤ ይህ ምርመራ በማይገኝበት ጤና ጣቢያ ተራው የሽንት ምርመራ ቢደገምም ይረዳል። አልቡሚኑ በ1 ግራም ክሬቲኒን ከ30 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ30 እስከ 300 ያለው ልከኛ ጭማሪ፣ ከ300 በላይ ያለው ከፍተኛ ይባላል። ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም የሚባለው ይህ ጭማሪ ቢያንስ ለ3 ወር ሲዘልቅ ስለሆነ ምርመራው ከ3 ወር በኋላ ይደገማል። ከዚያ በፊት በቤትዎ ሊያዩት የሚችሉት ምልክት ቢኖር ሽንትዎ በሚወርድበት ጊዜ የሚሠራው አረፋ ቶሎ ሳይጠፋ የሚቆይ መሆኑ ነው፤ አረፋ አለመኖሩ ግን ነጻ ነዎት አያሰኝም።

ስለ ክብደትዎ ስንመጣ፣ ኪሎዎን በቁመትዎ ካሬ ስናካፍለው ወደ 35 የሚጠጋ ቁጥር ይሰጣል፤ ከ30 በላይ ያለው ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። ከሚዛኑ ይልቅ እኔ የማምነው ግን የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ከታችኛው የጎን አጥንትና ከዳሌዎ አጥንት መካከል፣ እምብርትዎ አካባቢ፣ ትንፋሽዎን አውጥተው ሜትሩን ሳያጠብቁ ይለኩ፤ ለሴት ከ88 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ቦርጩ ለልብም ለኩላሊትም አስጊ ነው። የወገብ ልክ ከቁመት ግማሽ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ለእርስዎ ይህ 79 ሴንቲ ሜትር ነው።

ደስ የሚለው፣ ኩላሊት እንዲያርፍ ሸንቃጣ መሆን አያስፈልግም። በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመ አነስተኛ የስፔን ሐኪሞች ጥናት ላይ በሽንታቸው ፕሮቲን የሚወጣባቸው ወፍራም ሕሙማን ምግባቸውን ቀንሰው ለ5 ወር ቆይተው የቀነሱት ክብደት 4 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ በሽንት የሚያጡት ፕሮቲን ግን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። በእርስዎ ሚዛን ይህ ሦስት ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ከእንጀራው በፊት የሚቀነሱ ነገሮች አሉ፦ በየቡናውና በየሻዩ የሚጨመረው ስኳር፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ቢራና ወጥ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት። ጾም በራሱ ክብደት አይቀንስም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው ከዚያ በኋላ ዳቦ፣ ሳምቡሳና በዘይት የራሰ ሽሮ የሚበሉ ሰዎች ከሁዳዴ ኪሎ ጨምረው ሲወጡ በየዓመቱ አያለሁ። ጨው የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ የተጨመረው ጨውም እዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ሽምብጥ ላይ ሆነው ለእግር ጉዞ ቦታ አጣሁ ማለት አይችሉም፤ የሐይቁን ዳር ይዞ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል፣ ብስክሌት ካለዎት ደግሞ ከተማዋ ለዚህ የተመቸች ሜዳ ናት።

ሻዩን ግን ይተዉት። ከእነዚህ ሻዮች ብዙዎቹ የሚያስቀምጥ ቅጠል ስላለባቸው የሚቀንሱት ስብ ሳይሆን ውሃና ፖታሲየም ነው፤ ሚዛኑ ላይ የታየው ሁለት ኪሎ ውሃ ሲጠጡ ይመለሳል፣ ኩላሊት ግን በድርቀቱ ይጎዳል። ከዚህ የከፋም ደርሷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ብራስልስ ውስጥ አንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ በሰጣቸው የቅጠላ ቅጠል ድብልቅ ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎድቷል፤ በድብልቁ ውስጥ አሪስቶሎኪያ የተባለ ተክል ገብቶ ነበርና ብዙዎቹ ለእጥበትና ለንቅለ ተከላ ተዳርገዋል፣ አንዳንዶቹም በሽንት ቧንቧ ካንሰር ተይዘዋል። ምን እንዳለበት በማሸጊያው ላይ በማይነበብ ዱቄት ኩላሊትን መፈተን አያስፈልግም። እንዲሁም እንጀራ አቁሞ ሥጋና እንቁላል ብቻ መብላት ኪሎ ቢቀንስም፣ ብዙ ፕሮቲን የማጣሪያውን ጫና ስለሚጨምር ሽንቱ ላይ ፕሮቲን ለታየበት ሰው አልመክረውም።

ድጋሚው ምርመራም ፕሮቲን ካሳየ ሐኪምዎ ግፊት ባይኖርብዎትም እንደ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ያለ የግፊት መድኃኒት ሊያዝልዎ ይችላል፤ እነዚህ በማጣሪያው ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚያቀሉ ነው። ጽንስን ስለሚጎዱ ግን የማርገዝ ዕድል ካለ አስቀድመው ይንገሩት። በየማኅበራዊ ሚዲያው ክብደት ይቀንሳል እየተባለ የሚወራለት ሴማግሉታይድ የተባለው መርፌ በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣ ትልቅ ጥናት የኩላሊት ጉዳትን በ24 በመቶ ቀንሶ ቢታይም፣ የተጠኑት ዓይነት ሁለት ስኳርና የኩላሊት ሕመም አንድ ላይ ያለባቸው ሰዎች ናቸው፤ በራስዎ ገዝተው የሚወጉት ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ባሕር ዳር አባይ ማዶ ሲሆን ከባሕር ዳር ጎንደር ሕዝብ የማመላልስ የ52 ዓመት ሹፌር ነኝ። ክብደቴ 104 ኪሎ ነው። ለግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስዳለሁ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ እየገዛሁ ማታ ማታ እውጣለሁ። በዚህ ላይ ወገቤን ሲይዘኝ ጓደኞቼ ኩላሊትህ ነው ይሉኛል። መንገድ ላይ ሽንት እንዳያስቸግረኝ ውሃ ብዙም አልጠጣም። በእርግጥ ኩላሊቴ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የሚቀመጥና 104 ኪሎ የሚሸከም ሰው ወገቡን ቢያመው አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አከርካሪውና ጡንቻው ነው። ጠጠርና ኢንፌክሽን ያምማሉ፤ ቀስ በቀስ የሚደክም ኩላሊት ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ሕመም አያሰማም። እኔን ያሳሰበኝ ወገብዎ ሳይሆን የሚውጧቸው ሦስት መድኃኒቶች አንድ ላይ መግጠማቸው ነው። ዲክሎፌናክ ደም ወደ ማጣሪያው የሚያስገባውን የደም ሥር ያጠባል፣ ኢናላፕሪል የሚያስወጣውን ያሰፋል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ፈሳሽ ያስወጣል፤ ሦስቱ ውሃ በማይጠጣ ሰው ላይ ሲገናኙ የማጣራቱ ግፊት በድንገት ሊወድቅና ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ለየብቻቸው ሲታዩ ምንም የማይመስሉ ስለሆኑ ፋርማሲስቱም ካልነገሩት አያውቅም።

ዲክሎፌናኩን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ኢቡፕሮፌንም የዚያው ቤተሰብ ስለሆነ አይተካውም። ለጉልበትዎ ፓራሲታሞል በልኩ መውሰድ፣ የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴና የክብደት መቀነስ ይሻላሉ፤ እያንዳንዱ የሚቀነስ ኪሎ በጉልበት ላይ የሚያርፈውን ሸክም ከአንድ ኪሎ በላይ ያቀላል። የግፊት መድኃኒቶችዎን ግን በራስዎ ፈቃድ እንዳያቋርጡ። በዚህ ሳምንት ክሬቲኒን፣ ፖታሲየምና ሽንት ይመርመሩ፤ በጥበበ ግዮንም ሆነ በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል፣ ወይም በቅርብዎ ባለ ላቦራቶሪ የሚሠራ ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት በያዘዎት ቀን ከመድኃኒቶቹ የትኛውን ለጊዜው ማቆም እንዳለብዎት ሐኪምዎን አስቀድመው ይጠይቁ። በመንገድ ላይ ወረታና አዲስ ዘመን መቆሚያ እያለ ውሃ ለምን እንደሚከለከሉ አልገባኝም። በተረፈ ባለቤትዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፤ ሲያንኮራፉ ትንፋሽዎ ቆም ብሎ በድንገት የሚመለስ ከሆነ፣ ቀን ላይም መሪ ይዘው የሚያንጎላጅዎት ከሆነ፣ ይህ ከውፍረት ጋር የሚመጣ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ነውና ግፊትን ከማባባሱም ሌላ ለተሳፋሪዎችዎ አደጋ ስለሆነ በአስቸኳይ ይታዩ።

ጥያቄ፦ እኔ የዘጌ ልጅ ስሆን ዕድሜዬ 29 ነው። ታላቅ እህቴ ባሕር ዳር የኩላሊት እጥበት ላይ ናት። ኩላሊቴን ልሰጣት ፈልጌ ስመረመር 1 ሜትር ከ72 ቁመት፣ 98 ኪሎ ስለሆንሁ መጀመሪያ ክብደት ቀንስ ተባልሁ። ጤነኛ ነኝ፣ ደሜም ይስማማል። እርሷ እየተሰቃየች ይህ ማዘግየት አይሆንም?

መልስ፦ ወንድም ዓለም፣ ያሰቡት ትልቅ ነገር ነው፤ የተነገረዎት ግን ትክክል ነው። አንድ ኩላሊት የሰጠ ሰው የቀረው ኩላሊት የሁለቱን ሥራ ለመሸፈን ማጣሪያዎቹን ያተልቃል፤ በዚህ ላይ ውፍረት ሲጨመር ያው አስቀድመን ያልነው ጫና በእጥፍ ይመጣል። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ የስፔን ሐኪሞች ጥናት በልዩ ልዩ ሕመም ምክንያት አንድ ኩላሊታቸው የወጣላቸውን 73 ሰዎች ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። ኩላሊታቸው ሲወጣ የክብደት መለኪያቸው (ኪሎ በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) ከ30 በላይ ከነበሩት 14 ሰዎች 13ቱ በሽንታቸው ፕሮቲን መጣ ወይም ኩላሊታቸው ደከመ፤ ከ30 በታች ከነበሩት 59 ሰዎች ግን ይህ የደረሰባቸው 7 ብቻ ናቸው። እነዚህ ለጋሾች ስላልነበሩ ቁጥሩን እንዳለ በእርስዎ ላይ መፍረድ አይቻልም፤ ለጋሽ የሚመርጡ ሐኪሞች ለምን እንደሚጠነቀቁ ግን በግልጽ ያሳያል።

የእርስዎ መለኪያ 33 ነው። ከ30 በታች ለመውረድ 88 ኪሎ መድረስ ይበቃዎታል፤ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ እየቀነሱ ከተጓዙ ከሁለት ወር ተኩል እስከ አምስት ወር ይፈጃል። የንቅለ ተከላው ምርመራና የወረቀት ሥራውም ጊዜ ስለሚወስድ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስኪዱት። በአገራችን ንቅለ ተከላው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኘው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሲሆን፣ ለጋሾቹም በሕይወት ያሉ ዘመዶች ናቸው። ለፍጥነት ብለው ምግብ አቋርጠው ወይም በሻይና በክኒን የቀነሱ እንደሆነ ምርመራው ላይ ኩላሊትዎ የተጎዳ መስሎ ሊታይና ሊመለሱ ይችላሉ። ከሰጡ በኋላም ኪሎው ተመልሶ እንዳይመጣ፣ ግፊትዎና ሽንትዎም በየዓመቱ እንዲታይ ያስፈልጋል።

እህትዎን በተመለከተ ነገሩ ይገለበጣል። እጥበት ላይ ላለ ሰው አለልክ መክሳት ከውፍረት ይልቅ የሚያሰጋ ስለሆነ እርስዎ ሲቀንሱ እርሷም አብራ እንድትቀንስ አያድርጉ። ምን ያህል ፕሮቲን፣ ፖታሲየምና ውሃ መውሰድ እንዳለባት ከእጥበት ክፍሏ ባለሙያዎች ጋር ትነጋገር።

ጥያቄ፦ የጣና አሳ ያወፍራል ወይ? ለኩላሊትስ ይሆናል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከጣና አሳዎች አንዱ የሆነው ቀረሶ ስቡ ትንሽ ነው፤ የሚያወፍረው ሙሉውን በዘይት ውስጥ ሲዋኝ የሚጠበሰው አጠባበስና አብሮት የሚወርደው ቢራ ነው። በጥቂት ዘይት በጉላሽ መልክ ወይም በፍም ላይ ተጠብሶ፣ ጨውም ቀነስ ተደርጎበት፣ በሎሚና በቃሪያ ቢበላ ከሥጋ ጥብስ ይሻላል። ኩላሊቱ ደክሟል የተባለ ሰው ግን አሳም ፕሮቲንና ፎስፈረስ ያለበት ምግብ ስለሆነ መጠኑን ሐኪሙን ጠይቆ ይብላ።